በእጅ ማየት

ቁርኣን የሰው ልጅ በምድር ላይ እንዲጓዝና ከእርሱ በፊት ያለፉት ሕዝቦች ትተውት የሄዱትን እንዲመለከት በተለያዩ ምዕራፎች ያሳስባል። ልብ በሉ፤ የታዘዝነው ሁለት ነገር ነው። መጓዝ አንድ ነው፤ መመልከት ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው በዘመናችን ቀሏል። ገንዘብና ቪዛ ያለው ሰው ጧት ከሐዋሳ ተነሥቶ ማታውን ባሕር ማዶ ያድራል። ሁለተኛው ግን ከድሮው ይልቅ የከበደ ይመስለኛል። መንገደኛው ከአንድ ታላቅ መስጊድ ፊት ይቆማል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል፤ ዞር ብሎ ራሱን ጨምሮ ሌላ ይደግማል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። አገሩ ሲገባ "እንዴት ነበር?" ቢሉት "በጣም ትልቅ ነው፤ በጣም ያምራል" ይላል። ስንት ዓምድ አለው? ብርሃን የሚገባው በየት በኩል ነው? ያን የሚያህል ቁባ ምን ተሸክሞት ቆመ? ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ሄዷል፤ አላየም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከመድረሳችን ቁርኣን አኽትሞ የወጣ፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የሚማር የሐዋሳ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ለክረምት ሲዘጋ ወደ ኢስታንቡል ሄዶ ሰባት ሳምንት ተምሮ መጣ። የትምህርቱ ዓይነት ለእኔ አዲስ ነበር። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ ኮምፒዩተርም አይከፍቱም። በየቀኑ ከአንድ የቆየ ሕንፃ ፊት ተቀምጠው ያለማስመሪያ፣ በእርሳስና በወረቀት ብቻ፣ በነፃ እጅ ይሥሉታል። ሕንፃ እንዴት ታስቦ እንደተሠራና ምን አቁሞ እንደያዘው የሚማሩት በመሣል ነው።

የአባት ጥያቄ

የልጁ አባት በገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ እኔ መጡ።

"ኡስታዝ፣" አሉኝ፣ "ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። ይህን ልጅ ያስተማርኩት ቤት መሥራት ያውቃል ብዬ ነው። አሁን ባሕር ማዶ ሄጄ ሥዕል ልሣል ይለኛል። ለመሄጃው የማወጣው ገንዘብ የሱቄ የአንድ ዓመት ኪራይ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሥዕል መሣል በዲናችን እንዴት ነው?"

ከሁለተኛው ጀመርኩ። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ሥዕል እየሠራ የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ ስለ ሥራው ጠየቃቸው። እሳቸውም ሩሕ ያለውን ፍጡር ስለሚሥሉ ሰዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ነገሩት። ሰውየው ደንግጦ ፊቱ በገረጣ ጊዜ ግን የእንጀራውን በር ፈጽሞ አልዘጉበትም። መሥራቱ ካልቀረ ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር ሁሉ እንዲሥል መሩት። ዓምድ፣ ቅስት፣ በርና መስኮት ሩሕ የላቸውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ልባቸው እንዲያርፍ ነገርኳቸው። "የገንዘቡን ነገር ደግሞ፣" አልኳቸው፣ "ልጁ ይዞ የሚመጣውን አይተን እንፈርዳለን።" ሐጂ ብዙም ሳይረኩ ሄዱ፤ ልጁንም ላኩት።

ላጲስ የሌለበት ትምህርት

ልጁ ሲመለስ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳው በረንዳ ላይ እየተቀመጥን ለአራት ቀን ያህል ደብተሮቹን አሳየኝ። ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ገጾች ምንም አያስደንቁም። ቁባው ወደ አንድ ጎን ዘሟል፤ ሚናራው እንደ ደከመው ሽማግሌ ዘንበል ብሏል። ላጲስ ክልክል ስለነበረ የተሳሳተው መስመር እዚያው ቀርቶ ትክክለኛው ከጎኑ ተሰምሯል። አስተማሪያቸው የሚፈልጉት ንጹሕ ወረቀት ሳይሆን ዓይን የተጓዘበትን መንገድ ነበር።

አሠራሩን እንዲህ አስረዳኝ። ክንዱን ዘርግቶ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የበሩን ቁመት በአውራ ጣቱ እርሳሱ ላይ ይለካል። ከዚያም ያንን ልክ ወደ ላይ እየደራረበ ሚናራው ስንት በር እንደሚሆን ይቆጥራል። ወለሉን የሚለኩት በእርምጃ ነው። ከአንዱ ሕንፃ ሦስት ዓይነት ሥዕል ይወጣል። አንዱ ፕላን ነው፤ ጣራው ተነሥቶ ከላይ ወደ ታች ቢታይ የሚታየው። ሁለተኛው ኤሌቬሽን የሚባለው የፊት ለፊት መልኩ ነው። ሦስተኛው ሴክሽን ነው፤ ድፎ ዳቦ በመሐል ተቆርጦ ውስጡ እንደሚታይ፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች የተቆረጠ ያህል ተደርጎ የሚሣል። ይህን ሦስተኛውን ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው አይችልም። ሣዩ የሚያገኘው ያየውን ሁሉ በአእምሮው አገጣጥሞ ነው። ትምህርቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሱለይማንያ መስጊድ የደረሰበትን እንዲህ አጫወተኝ። መስጊዱ ከ1550 እስከ 1557 እ.ኤ.አ. ለሱልጣን ሱለይማን የተሠራ ነው። የዋናው ቁባ ስፋት 26 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው ከወለሉ 53 ሜትር ገደማ ይሆናል። አስተማሪያቸው ተማሪዎቹን አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው፦ "ክብደቱ የት ሄደ?"

ቁባ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ጎኑንም ወደ ውጭ ይገፋል። ልጁ ሲሥል የክብደቱን መንገድ ተከተለ። ቁባው አራት ታላላቅ ቅስቶች ላይ ዐርፏል። ቅስቶቹ ቱርኮች "የዝሆን እግር" በሚሏቸው አራት ወፋፍራም ዓምዶች ላይ ይወርዳሉ። በቂብላው በኩልና በመግቢያው በኩል ሁለት ግማሽ ቁባዎች ግፊቱን ተቀብለው ቀስ በቀስ ወደ ምድር ያወርዱታል። በግራና በቀኝ ግን ግማሽ ቁባ የለም። ቅስቶቹ በመስኮት ተሞልተዋል፤ ብርሃን ይፈስባቸዋል። ታዲያ በእነዚያ ጎኖች ግፊቱን ማን ያዘው?

ፎቶ ቢያይ መልሱን አያገኝም ነበር። ውስጡን በእርምጃ ለካ፤ ውጭውንም ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች አልገጠሙም። ብዙ እርምጃ ጠፋ። በማግስቱ ደግሞ ለካ፤ አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የጠፉት እርምጃዎች ግድግዳው ውስጥ እንዳሉ ገባው። ሲናን ደጋፊ ግንቦቹን ግማሹን ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ውጭ አውጥቶ ከግድግዳው ጋር አዋሕዷቸዋል። በመካከላቸውም በዓምድ የተሠሩ ሰገነቶች አስገብቶ ከዓይን ሰውሯቸዋል። ሰጋጁ የሚያየው ብርሃንና ሰገነት ነው፤ ሸክሙን የያዘው ግን ያልታየው ነው።

"ኡስታዝ፣" አለኝ ልጁ፣ "የዚህን መስጊድ ፎቶ ስልኬ ላይ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግንቦቹን ያገኘኋቸው ግን ቁጥሩ አልገጥም ሲለኝ ነው።"

ጌቶቹስ እንዴት ተማሩ?

ሚማር ሲናን ራሱ ከሕንፃ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው አልነበረም። በ1490 እ.ኤ.አ. አካባቢ በቀይሰሪ አቅራቢያ ተወልዶ ወደ የኒቸሪ ጦር ገባ። ከጦሩ ጋር ከባልካን እስከ ኢራቅ ሲዘምት ድልድይ ሠራ፤ በየደረሰበትም የቀደሙት የሠሩትን አየ። የመንግሥቱ ዋና አርክቴክት ሆኖ የተሾመው ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ሲደርስ ነው። በ537 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን አያ ሶፍያን ሲያጠና ኖሮ፣ ሕንፃው ሲደክም በደጋፊ ግንብ ያጠናከረውም እርሱ ነው። ሰሊሚያ የተባለውን የኤዲርኔ መስጊድ ሲያስጀምር፣ ይኸውም በ1568 እ.ኤ.አ.፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከእርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1911 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የ23 ዓመት የስዊስ ወጣት ደብተር ይዞ ኢስታንቡል ገባ። በኋላ ለ ኮርቡዚዬ በሚለው ስም ዓለም ያወቀው ነው። እርሱም በአርክቴክቸር ዲፕሎማ የተመረቀ አልነበረም። ሳምንታት ተቀምጦ የሲናንን መስጊዶች ሣለ፤ ወደ ቡርሳ ሄዶም አረንጓዴውን መስጊድ ሣለ። በዚያ መስጊድ ሰው ከትንሽ በር በዝቅተኛ መተላለፊያ ገብቶ በድንገት ከሰፊና ብርሃናማ አዳራሽ የሚደርስበትን ጥበብ አስተዋለ። ከ12 ዓመት በኋላ ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉም ለሌሎች አስተማረበት።

የዚሁ ሰው ታሪክ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ገጽ አለው። በ1936 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ለ ኮርቡዚዬ ለአዲስ አበባ አዲስ የከተማ ፕላን ነድፎ ለኢጣልያኖች ላከ። አዲስ አበባን ዓይቷት አያውቅም። በንድፉ ላይ ታላቅ ቀጥ ያለ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰው የሚኖርባቸው ሠፈሮች የሌሉ ያህል ነው። ንድፉ ተቀባይነት አላገኘም፤ አልሐምዱሊላህ። ነገሩ ግን ያስተምራል። ያው እጅ ነው፤ ያው እርሳስ ነው። ኢስታንቡል ላይ ከነገሩ ፊት ተቀምጦ ሣለ፤ ተማረ። አዲስ አበባ ላይ ሳያይ ሣለ፤ ሰውን ከምድሩ ፋቀ። እንግዲህ ጥበቡ ያለው እርሳሱ ላይ ሳይሆን ከነገሩ ፊት በትዕግሥት መቀመጡ ላይ ነው።

ሉህና እርሳስ

ለመድረሳ ሰው ይህ መንገድ ባዕድ አይደለም። ደረሳ የዕለት ትምህርቱን በራሱ እጅ በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል። ሸኹ ያርሙታል። እስኪይዘው ድረስ ይቀራዋል። ሲይዘው ሉሁን አጥቦ ለነገው ያዘጋጃል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የወረቀት እጥረት የወለደው የድሮ ልማድ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ያየሁት ሌላ ነው። በጆሮው ብቻ የሰማ ልጅ ፋእንና ቃፍን ያምታታል። በእጁ የጻፈ ልጅ ግን በአንዷ ላይ አንድ ነጥብ፣ በሌላዋ ላይ ሁለት ነጥብ ሲያኖር እጁ ራሱ ቆም ብሎ ይጠይቀዋል። ያልገባውን ነገር እጅ ሊጽፈው አይችልም። ዓይን ዘሎ ያልፋል፤ ምላስም ተንሸራቶ ያልፋል፤ እጅ ግን ከደረሰበት መዝለል አይችልም።

የሱለይማንያ የጠፉ እርምጃዎች ከዚህ በምን ይለያሉ? ሣዩ ልጅ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ስንት ውፍረት እንደሚያሰምር ማወቅ ነበረበት። ባያውቅ እርሳሱ ይቆማል። ስለዚህም ተነሥቶ ለካ። የሉህ ትምህርት ያሳደገው ልጅ እርሳስ ሲቆምበት ተነሥቶ ለመለካት እንዳልሰለቸ ሳይ በመድረሳችን ደስ አለኝ። ልዩነቱ አንድ ነው። ሉህ ይታጠባል፤ ደብተር ግን ይቀራል። የመቅረቱን ዋጋ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሊሥሉ ወደ እኛ የመጡ

ልጆቻችን ሊሥሉ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ። የባሕር ማዶ ሰዎች ደግሞ ሊሥሉ ወደ እኛ መጥተው ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን የጥናት ቡድን በአፄ ምኒልክ ፈቃድ አክሱም ገባ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ዳንኤል ክሬንከር የሚባል አርክቴክት ነበር። ለጥቂት ወራት ሐውልቶቹን፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሾቹንና የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን እየለካ ሣለ። ውጤቱ በ1913 እ.ኤ.አ. ታተመ።

የአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹትን ክብ ክብ ጉጦች ብዙ ሰው ጌጥ ይላቸዋል። ክሬንከር ግን የሐውልቱን ሥዕል ከደብረ ዳሞ ግድግዳ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን አደረጋቸው። በደብረ ዳሞ ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ረድፍ የተሠራ ሲሆን፣ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። "የዝንጀሮ ራስ" የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በሐውልቱ ላይ ያሉት ጉጦችም የእነዚሁ የእንጨት ራሶች የድንጋይ ምስል ናቸው። ሐውልቱ ታዲያ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ የአክሱም ቤት፣ በርና መስኮቱ ሳይቀር በድንጋይ የተሣለ ነው። ወድቆ የሚገኘው ትልቁ፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ 13 ፎቅ ያሳያል።

ይህ እኛን ሙስሊሞችን ወደሚነካ ቦታ ያደርሰናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ሳይላኩ ቁረይሾች ከዕባን እንደገና እንደሠሩ፣ ሐጀሩል አስወድን ማን ያኑር በሚለው ሲጣሉም እሳቸው በጨርቅ ላይ አኑረው እንዳስታረቁ ሁላችንም እናውቃለን። የመካን ታሪክ የጻፉት አል-አዝረቂ ስለ ግድግዳው የዘገቡትን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። እንደ እርሳቸው ዘገባ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ፣ በጠቅላላው በ31 ረድፍ ተሠራ። እንጨቱ የተገኘው በባሕር ዳርቻ ከተሰበረች መርከብ ሲሆን የሠሪው ስም ባቁም ይባላል። የእስልምናን ሕንፃዎች ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ የኖረው እንግሊዛዊ ክሬስዌል በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ዘገባ ከአክሱምና ከደብረ ዳሞ ሥዕሎች ጋር አስተያይቶ፣ አሠራሩ የሐበሻ ነው፤ ባቁምም ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም አለ። ባቁምን ሩማዊ የሚሉት ዘገባዎችም ስላሉ ጉዳዩ ተዘግቷል አልልም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ የቻልነው አንድ ሰው አክሱም ላይ ተቀምጦ የእንጨት ራሶችን አንድ በአንድ ስለሣለ ነው።

ሌላም አለ። ክሬንከር በአክሱም ተዓካ ማርያም የሚባለውን፣ 120 በ80 ሜትር ገደማ የሚሰፋ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፕላን ሣለ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በፍርስራሹ ላይ መንገድ ተቀደደበትና አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት የምናውቀው በአብዛኛው ከሥዕሉ ነው።

የሠፈራችን መስጊድ

ልጁ ከኢስታንቡል በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ የሠፈራችን መስጊድ እንዲፈርስ ተወሰነ። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሐዋሳ ቀደምት ነዋሪዎች መካከል የነበሩ አባቶች በእንጨትና በጭቃ የሠሩት ነው። ማገሩን ምስጥ በልቶታል፤ ለጁምዓ ጀማዓውን አይችለውም። ኮሚቴው ከስልክ ላይ ያገኘውን የአንድ የዐረብ አገር መስጊድ ፎቶ ለግንበኛው ሰጥቶ "እንዲህ አድርገህ ሥራልን" ብሎት ነበር።

ልጁ ከመፍረሱ በፊት ሦስት ቀን ስጡኝ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የጭቃ ቤት ደግሞ ምኑ ይሣላል?" ብለው ሳቁ። እርሱ ግን ደብተሩን ይዞ ገባ፤ እንደለመደውም በእርምጃ ለካ።

በሥዕሉ ላይ የወጡት ነገሮች ሠላሳ ዓመት የሰገድንበትን ቤት እንደ አዲስ አሳዩን። አንደኛው፣ ቤቱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ አይደለም። ከሐዋሳ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። አባቶቻችን ማዕዘን ላይ መሬት እየባከነባቸውም ቢሆን ቤቱን በሙሉ ወደዚያ አዙረውታል። በዚህም ምክንያት ሶፉ ከግድግዳው ጋር ገጥሞ ይቆማል። ሁለተኛው፣ መስኮቶቹ የሚበዙት በምዕራብ በኩል ነው፤ ደግሞም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ጋ ይደርሳሉ። ሐይቁ ያለው በምዕራብ ነው። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በእነዚያ መስኮቶች ገብቶ ለዐስር የተቀመጠውን ሰው ያገኘዋል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ አንድ ማራገቢያ የኖርነው በዚህ ነው። ሦስተኛው፣ በደቡብ በኩል ያለው በረንዳ ከቤቱ ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህላል። ዝናብ ሲመጣ ጀማዓው ጫማውን የሚያወልቅበት፣ በሌላው ጊዜ አርባ ልጅ ሉህ ይዞ የሚቀራበት እርሱ ነው።

ከዚያም ልጁ ለግንበኛው የተሰጠውን አሳብ በዚያው መጠን ሥሎ ከጎኑ አስቀመጠው። በምዕራብ በኩል መስኮት የለም፤ በቦታው ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆች ተደርገዋል። በረንዳውም የለም።

ኮሚቴው በሁለቱ ሥዕሎች ላይ ሁለት ሌሊት ተከራከረ። ሱቅ ይቅር የሚል ነገር ቀላል አልነበረም፤ የመድረሳው መምህራን ደመወዝ የሚወጣው ከሱቅ ኪራይ ነው። እኔም ከእነዚያ መምህራን አንዱ ነኝ። በመጨረሻ ሱቆቹ በምሥራቅ፣ በመንገዱ በኩል እንዲሆኑ፣ የምዕራቡ መስኮቶችና የደቡቡ በረንዳ እንዲቀሩ ተስማማን። ሱቆቹ ከስድስት ወደ አራት ዝቅ አሉ። ቁባው ግን ልክ እንደ ፎቶው ሆነ፤ በእርሱ ላይ ሽማግሌዎቹ አልተበገሩም። አሮጌው ቤት ፈረሰ። አዲሱ ዛሬ ይሰገድበታል፤ ከቀትር በኋላም የሐይቁ ነፋስ ይገባበታል።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ የልጁ አባት ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዙና "ኡስታዝ፣ የሱቄን ኪራይ ዛሬ ተቀበልኩ" አሉኝ።

የሚቀር ነገር

አሮጌው መስጊዳችን ፈርሷል፤ ሦስት ገጽ ሥዕል ግን በመድረሳው ሣጥን ውስጥ አለ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ስትወድም ከታሪካዊው ማዕከሏ ከ85 በመቶ በላይ ፈራርሶ ነበር። ሕዝቡ ከተማውን እንደገና ሲሠራ ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከጦርነቱ በፊት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለትምህርታቸው ብለው አሮጌ ቤቶችን እየለኩ የሣሏቸው ሥዕሎች ናቸው። ሥዕሎቹን በጦርነቱ ወቅት ከጀርመኖች ደብቀው አትርፈዋቸው ነበር። ዳግም የተሠራውን አሮጌ ከተማ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

የእኛስ? የነጃሺ መስጊድ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲጎዳ ልባችን ምን ያህል እንዳዘነ አንረሳም። በዚያን ቀን ስንቶቻችን ነን የመስጊዱን በርና ቅስት ስንት እርምጃ እንደሆነ ልንናገር የምንችለው? ስንት የገጠር መስጊድ፣ ስንት የቆየ መድረሳ፣ በሲዳማ ደጋ በሁላ አካባቢ ስንት የቀርከሃ ቤት አንድ መስመር ሳይሣልለት ይፈርስ ይሆን? የአዲስ አበባን የቀድሞ ቤቶች እየለኩ ካስቀሩልን ሰዎች መካከል አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ይገኙበታል። ከዴኒስ ዠራር ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው። አንድ ሰው ግን ለአንድ አገር አይበቃም።

ባሕር ማዶ መሄድ ለሁሉም አይደርሰውም። ደርሶት ለሄደ ልጅ ወላጆች አይሣቀቁ። ላልደረሰው ደግሞ ሐረር አለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጁገል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። በየቤቱ ከፍና ዝቅ ብለው እያንዳንዳቸው በስም የሚጠሩ መቀመጫዎች፣ ነደባዎች፣ አሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ያስተምራል። ባሌ ውስጥ በኖራ የነጣው ድሬ ሼህ ሑሴን አለ። ከዚህም ቅርብ የሆነው የየሠፈሩ መስጊድ ነው። ደብተርና እርሳስ ዋጋቸው ከአንድ የስልክ ካርድ አይበልጥም። የመድረሳ መምህራን ልጆቻችንን በክረምት አንድ ቀን አውጥተን የሚሰግዱበትን ቤት በእርምጃ እንዲለኩና እንዲሥሉ ብናደርግ ከትምህርታችን የሚጎድል የለም። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ለማፍረስ ከመወሰናቸው በፊት ሦስት ቀን ቢሰጡ ምንም አይከስሩም። የቀደሙት አባቶች ያለ ትምህርት ቤት ያወቁትን፣ ቂብላውን፣ ነፋሱን፣ የልጆቹን መቀመጫ፣ ሳናውቀው እንዳናፈርሰው ይረዳናል።

አላህ ያየነውን የምናስተውል፣ ያገኘነውን ለልጆቻችን የምናቆይ ያድርገን። አሚን።